«ረን ሳይለንት፣ ረን ዲፕ» በድጋሚ ንባብ፦ ስንቱ እውነት ነው? ደራሲውስ ማን ነበር?

ዳግም አንባቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በ1955 የታተመውን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለ ዘመቱ የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦች የሚተርከውን የኤድዋርድ ኤል. ቢችን ልብ ወለድ «ረን ሳይለንት፣ ረን ዲፕ» እንደገና አንብቤ ጨረስኩ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ)። ርዕሱ በእኛ ቋንቋ «ድምፅህን አጥፍተህ፣ ጠልቀህ ሂድ» እንደማለት ነው። መጀመሪያ ሲነበብ ታሪኩ ይዞ ይሮጣል፦ የተራኪው አዛዥ የሪቻርድሰንና የምክትሉ የጂም ብሌድሶ ቅራኔ፣ ሁለቱ የሚወዷት የሎራ ነገር፣ ከ«ባንጎ ፒት» ጋር የሚደረገው መተናነቅ። ሁለተኛ ጊዜ ሲነበብ ግን ዓይን የሚያርፈው ሥራው ላይ ነው፦ ቫልቩ፣ ሰዓቱ፣ ዲግሪው፣ ጥልቀቱ። እዚያ ላይ የሚያከራክሩ ነገሮች አሉና የምታውቁ አስረዱኝ።

ቶርፔዶው (በውሃ ውስጥ ራሱ እየሄደ መርከብ የሚመታው ፈንጂ) በትክክል ተተኩሶ፣ የጠላትን መርከብ ጎን መትቶ፣ ሳይፈነዳ የሚቀርበት ነገር በእርግጥ በዚያ መጠን ይደርስ ነበር? ወይስ ደራሲው ውጥረት ለመፍጠር አጋንኖታል? ባንጎ ፒት የተባለው የጃፓን አጥፊ መርከብ አዛዥስ የነበረ ሰው ነው? አዛዡ በፔሪስኮፕ (ከውሃ በታች ሆኖ ላዩን በሚያይበት ቧንቧ) ጥቂት ሴኮንድ አይቶ ሦስት አራት ቁጥር ይጠራል፤ በቁጥሮቹ ምን ይደረጋል? ከሁሉ በላይ ግን ስለ ደራሲው ማወቅ እፈልጋለሁ። ተራኪውም ኤድዋርድ፣ ደራሲውም ኤድዋርድ ነው። ምን ያህል ራሱን ነው የጻፈው?


ጥልቅ ውሃ፦

ከደራሲው ልጀምር፤ እሱ ከታወቀ ሌላው ይቀላል።

ቢች የተወለደው ኤፕሪል 20 ቀን 1918 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። አናፖሊስ ካለው የባሕር ኃይል አካዳሚ በ1939 ተመረቀ። ጥቂት ጊዜ በተራ የጦር መርከቦች ላይ ካገለገለ በኋላ ወደ ሰርጓጅ ትምህርት ቤት ገባና በ1942 መጀመሪያ ሥራ በጀመረችው «ትሪገር» ላይ ተመደበ። ከታናሽ መኮንንነት ተነሥቶ ምክትል አዛዥ እስኪሆን የቆየው እዚያ ነው። ቀጥሎ የ«ቲራንቴ» ምክትል አዛዥ ሆነ። ቲራንቴ ኤፕሪል 14 ቀን 1945 ሌሊት፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ተንሳፍፋ፣ የኮሪያዋ ቼጁ ደሴት ወደብ ገብታ ጥይት የጫነች መርከብና ሁለት አጃቢዎችን አሰጠመች። አዛዡ ጆርጅ ስትሪት የአገሩን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ሲሸለም ቢች ኔቪ ክሮስ የተባለውን የባሕር ኃይል ሜዳይ አገኘ። ጦርነቱ ሲያልቅ የ«ፓይፐር» አዛዥ ነበር።

ትሪገር ግን አልተረፈችም። ቢች ወርዶ ወደ ሌላ መርከብ ከተዛወረ በኋላ፣ በማርች 1945፣ ከነሠራተኞቿ ሰጠመች፤ ከተሳፈሩት 89 ሰዎች አንድም አልተመለሰም። ይህን ይዘው በልብ ወለዱ የሪቻርድሰን ሰርጓጅ ዋልረስ የጠፋችበትን ክፍል እንደገና ያንብቡት። ሪቻርድሰን መርከቡን ለጂም አስረክቦ የብስ ላይ ሳለ ነው መርዶው የሚደርሰው። ሐዘኑ ያለ ጩኸት፣ በአጭር በአጭር ዓረፍተ ነገር የተጻፈው ለዚህ ይመስለኛል። ስሙን ለወጠ እንጂ የሚያውቀውን ነው የጻፈው።

ሌላም አለ። አባቱ ኤድዋርድ ቢች ቀዳማዊ የባሕር ኃይል ካፒቴን ነበሩ፤ ለወጣቶች የሚሆኑ የባሕር ኃይል ልብ ወለዶችም ይጽፉ ነበር። ኦገስት 29 ቀን 1916 ያዝዟት የነበረችው «ሜምፊስ» ሳንቶ ዶሚንጎ ፊት ለፊት መልሕቅ ጥላ ሳለ ግዙፍ ማዕበል ደረሰባት። ሞተሩን ለማንቀሳቀስ የሚበቃ እንፋሎት ቶሎ ሊነሣ አልቻለም፤ መርከቧ ዓለቱ ላይ ወጥታ ተሰበረች። ካፒቴኑ ጦር ፍርድ ቤት ቀርበው በቂ እንፋሎት አላዘጋጀህም ተብለው ጥፋተኛ ሆኑ። ልጃቸው ይህን ታሪክ በ1966 መጽሐፍ አድርጎ ጽፎታል። እንግዲህ «በመርከቡ ላይ ለሚደርሰው ሁሉ ተጠያቂው አዛዡ ነው» የሚለው ሐሳብ ለቢች የትምህርት ቤት ደንብ ብቻ አይደለም፤ በቤቱ ያደገበት ነገር ነው። ሪቻርድሰን በጂም የአዛዥነት ፈተና ላይ ድጋፉን ሲያነሣ እጁ የሚከብደው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባል።

ልብ ወለዱ ሲወጣ ደራሲው የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የባሕር ኃይል ረዳት ነበር (ከ1953 እስከ 1957)። በኋላ፣ በ1960፣ በኑክሌር የምትሠራዋን «ትራይተን» እያዘዘ ዓለምን ከውሃ በታች ዞረ፤ አትላንቲክ መካከል ካሉት የቅዱስ ጴጥሮስና ጳውሎስ ዓለቶች ተነሥቶ እዚያው እስኪመለስ 60 ቀን ከ21 ሰዓት ፈጀበት። ያረፈው ዲሴምበር 1 ቀን 2002 ነው።

ስለ ባንጎ ፒት፦ ሰውየው ፈጠራ ነው። ስሙ የመጣበት ባንጎ ሱይዶ ግን በኪዩሹና በሺኮኩ መካከል ያለ፣ ወደ ጃፓን የውስጥ ባሕር የሚያስገባ እውነተኛ መተላለፊያ ነው። በልብ ወለዱ ሪቻርድሰን የሚያዝዛቸው ዋልረስና ኢል የሚባሉ ሰርጓጆች በዚያ ጦርነት አልዘመቱም። የባንጎ ፒት መርከብ የተባለችው «አኪካዜ» በአንጻሩ በስሟ የነበረች አጥፊ መርከብ ናት፤ ኖቬምበር 3 ቀን 1944 ከሉዞን በስተምዕራብ፣ ፒንታዶ የምትባል የአሜሪካ ሰርጓጅ አሰጠመቻት። ደራሲው ስሟን ብቻ ወስዶ ሌላ ዕድል ሰጣት።


ስድስተኛ ቱቦ፦

ቶርፔዶውን ለእኔ ተዉት። ማጋነን የለበትም። እንዲያውም ልብ ወለዱ ከሆነው ያነሰ ነው የሚናገረው።

የአሜሪካ ሰርጓጆች ይተኩሱት የነበረው ማርክ 14 ቶርፔዶ ርዝመቱ 6 ሜትር ከ25፣ ስፋቱ 53 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ አንድ ቶን ተኩል ገደማ ነው። በፈጣኑ ማርሽ 46 ኖት ይሄዳል፣ ማለትም በሴኮንድ 23.7 ሜትር። ሦስት በሽታ ነበረበት። መጥፎው ነገር ሦስቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው መቀመጣቸው ነው፤ የላይኛው ሳይላጥ የታችኛው አይታይም።

የመጀመሪያው ጥልቀት ነው። 10 ጫማ ተብሎ የተሞላው ቶርፔዶ 20 ጫማ ላይ ይሄዳል። አንደኛው ምክንያት ሙከራ የተደረገለት ከእውነተኛው ፈንጂ በቀለለ የልምምድ ራስ መሆኑ ነው፤ እውነተኛው ራስ ሲገጠም አፍንጫው ከበደ። ሁለተኛው ምክንያት ረቂቅ ነው። ጥልቀቱን የሚለካው ክፍል የውሃውን ግፊት የሚያነበው ከጅራቱ አካባቢ ነበር። ቶርፔዶው ሲፈጥን ውሃው በሚሾለው ጅራት ዙሪያ ስለሚሮጥ ግፊቱ እዚያ ላይ ይቀንሳል፤ መለኪያው «ወደ ላይ ወጥቻለሁ» ብሎ ይታለልና መሪውን ወደ ታች ያዘዋል። በዝግታ ሲሞከር ይህ ስሕተት አይታይም። ቻርልስ ሎክዉድ የተባሉት አድሚራል ጁን 1942 ላይ በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ኦልባኒ አጠገብ የዓሣ መረብ አስዘርግተው ቶርፔዶ አስተኮሱበት። መረቡ የተቀደደበት ቦታ በሜትር ተለካ፤ ቶርፔዶው ከታዘዘው በአማካይ 11 ጫማ ያህል፣ ከ3 ሜትር በላይ፣ ጠልቆ ይሄድ ነበር። የባሕር ኃይሉ የመሣሪያ ቢሮ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ጥፋቱን የሚያላክከው በአዛዦቹ ላይ ነበር፤ ስሕተቱን ያመነው በኦገስት 1942 ነው።

ጥልቀቱ ሲስተካከል ሁለተኛው ልጣጭ ታየ፦ መግነጢሳዊው ማፈንጃ። ሐሳቡ ቶርፔዶው ጎኑን ሳይነካ ከመርከቡ ሆድ ሥር ሲያልፍ የብረቱን መግነጢሳዊ መስክ አውቆ እንዲፈነዳ ነበር፤ ይህ ቢሠራ የመርከብን ወገብ ይሰብራል። ነገር ግን የመርከብ መግነጢሳዊ መስክ ቅርጹ ከምድር ወገብ ባለው ርቀት ይለዋወጣል፤ ሰሜን ላይ የተቃኘው መሣሪያ ደቡብ ሲደርስ ሌላ ነገር ያነባል። ውጤቱ ወይ ገና ሳይደርስ መፈንዳት፣ ወይ ጨርሶ አለመፈንዳት ሆነ። የፓስፊክ መርከቦች ጦር አዛዥ አድሚራል ኒሚትዝ በጁን 1943 ማግኔቱ ይዘጋ ብለው አዘዙ።

ሦስተኛው ልጣጭ የመጣው ከዚያ ነው፤ እርስዎ የጠየቁትም እሱን ነው። ማግኔቱ ሲዘጋ የቀረው ተጋጭቶ የሚፈነዳው መምቻ መርፌ ብቻ ሆነ። መርፌው የሚንቀሳቀሰው ቶርፔዶው ከሚሄድበት አቅጣጫ ጋር ተሻግሮ፣ በሁለት ቀጫጭን መሪ ዘንጎች ላይ ተንሸራቶ ነው። በ46 ኖት የሚመጣ ብረት ግድግዳ ሲገጨው ግጭቱ መርፌውን ከዘንጎቹ ጋር ያላትመዋል፣ ሰበቃው ጉልበቱን ይበላል፣ መርፌው ማቀጣጠያው ላይ ሲደርስ ቀዝቅዞ ነው። አስቡት፤ ጎኑን በሰያፍ ሲመታ፣ በ45 ዲግሪ ሲሆን፣ ግጭቱ ስለሚለዝብ ብዙ ጊዜ ይፈነዳል። በትክክል በ90 ዲግሪ ሲመታ ነው የሚከሽፈው። የተዋጣለት ተኳሽ ደግሞ ሲያሠለጥኑት የሚፈልገው 90 ዲግሪን ነው! አሳምሮ የተኮሰ ሁሉ የበለጠ ይከሽፍበት ነበር ማለት ነው።

ማስረጃው የመጣው በጁላይ 1943 ነው። «ቲኖሳ» የተባለች የአሜሪካ ሰርጓጅ አንዲት ትልቅ የዘይት መርከብ አቁማ ከጎኗ በ90 ዲግሪ፣ ተረጋግታ፣ አንድ በአንድ ተኮሰችባት። ቶርፔዶዎቹ ሲመቱ ይታያል፣ ውሃ ይረጫል፣ ፍንዳታ የለም። አዛዡ ዳን ዳስፒት የመጨረሻዋን ቶርፔዶ አልተኩስም ብለው ለምርመራ ይዘዋት ወደ ፐርል ሃርበር ተመለሱ። ሃዋይ ላይ ካሆኦላዌ ደሴት ገደል ላይ ተተኩሶ ተሞከረ፤ ከዚያም ፈንጂ የሌለበት ራስ ማፈንጃውን እንደያዘ ከ27 ሜትር ከፍታ በብረት ሳህን ላይ እየተጣለ ተፈተነ። ቀጥ ብሎ ሲወድቅ ከ10 ጊዜ 7 ጊዜ ከሸፈ። መድኃኒቱ ቀላል ነበር፦ ሰበቃው የሚቀንስ፣ ከቀላል ብረት የተሠራ መርፌ። ይህ ሁሉ ሆኖ አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ከገባች ሃያ አንድ ወር አልፏታል።

ልብ ወለዱ ውስጥ ሪቻርድሰን የብስ ላይ ሆኖ ከቶርፔዶ ጋር የሚታገልባቸው ገጾች አሰልቺ ናቸው የሚሉ አሉ። ለእኔ የመጽሐፉ አከርካሪ እነሱ ናቸው።


ማዕዘን፦

የፔሪስኮፑ ጉዳይ። አዛዡ የሚጠራቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ አቅጣጫ፣ ርቀት፣ እና የዒላማው አፍንጫ የዞረበት ማዕዘን። አቅጣጫው ከፔሪስኮፑ አንገት ላይ ካለው ቀለበት ይነበባል፤ ስሕተት የለውም። ሌሎቹ ሁለቱ ግን አላቸው።

ርቀቱ የሚገኘው በምስል ክፋይ ነው። ፔሪስኮፑ ውስጥ ያለው መስተዋት የመርከቡን ምስል ሁለት ያደርገዋል፤ ቁልፉን እያዞሩ የአንዱን ምስል ምሰሶ ጫፍ በሌላኛው የውሃ መስመር ላይ ያሳርፋሉ። የምሰሶው ቁመት ከታወቀ ርቀቱ ይወጣል። ቁመቱ ግን ከመለያ መጽሐፍ የሚገኝ ግምት ነው። 24 ሜትር የሆነውን ምሰሶ 30 ሜትር ነው ብሎ የገመተ፣ 1200 ሜትር ላይ ያለችውን መርከብ 1500 ሜትር ላይ ያያታል። ማዕዘኑ ደግሞ በዓይን ግምት ብቻ ነው፦ «ወደ እኔ ስንት ዲግሪ ዞራለች?» ልምድ የሌለው አዛዥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በተለይ መርከቡ በመጠኑ ዞሮ ሲመጣ።

ፍጥነት ከጆሮ ይመጣል፤ የድምፅ ሰሚው የመርከቡን መዘውር ዙር በደቂቃ ይቆጥራል። እነዚህ ሁሉ ቶርፔዶ መቀመሪያ የሚሉት የማርሽና የዘንግ ማሽን ውስጥ ይገባሉ። ማሽኑ የራሷን የሰርጓጇን አቅጣጫና ፍጥነት በቀጥታ ይወስዳል፤ ዒላማው አሁን የት መሆን እንዳለበት ያሰላል፤ ቶርፔዶው ከቱቦው ሲወጣ ስንት ዲግሪ እንዲታጠፍ ያለማቋረጥ ቱቦው ድረስ ይልካል። አዛዡ ደጋግሞ ፔሪስኮፕ የሚያወጣው ለመደነቅ አይደለም፤ ማሽኑ ያለው አቅጣጫና ዓይን ያየው ይገጥማሉ ወይ ብሎ ለማመሳከር ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከገጠሙ ግምቱ ትክክል ነው።

አንድ ስሌት ልስጣችሁ። ዒላማው 1370 ሜትር ላይ ነው። በ46 ኖት ቶርፔዶው 58 ሴኮንድ ይፈጅበታል። የመርከቡን ፍጥነት በ2 ኖት ብትሳሳቱ፣ በ58 ሴኮንድ ውስጥ መርከቡ ካሰባችሁት ቦታ 60 ሜትር ይርቃል። የ120 ሜትር መርከብ ወገብ ላይ ያነጣጠረ ቶርፔዶ ጫፉን ይስታል ማለት ነው። በዝግታው ማርሽ፣ በ31 ኖት፣ ጉዞው 86 ሴኮንድ ስለሚሆን ስሕተቱ 88 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ነው ሦስት ቶርፔዶ ዘርግቶ የሚተኮሰው፦ አንዱ ወደ አፍንጫው፣ አንዱ ወደ ወገቡ፣ አንዱ ወደ ጅራቱ፣ በመካከላቸው ወደ 8 ሴኮንድ ያህል ተሰጥቶ።

ከአጥፊ መርከብ ጋር ፊት ለፊት የሚተኮሰውስ? «ጉሮሮ ውስጥ» ይሉታል። ዒላማው የ10 ሜትር ስፋት ብቻ ነው፤ ዕድሉ ግን አጥፊው ቶርፔዶውን አይቶ ወደ የትም ቢዞር ጎኑን ይሰጣል። ወሰኑ ርቀቱ ነው። ማፈንጃው የሚነቃው ቶርፔዶው ወደ 400 ሜትር ገደማ ከሮጠ በኋላ ነው። አጥፊው በ30 ኖት እየመጣ ከሆነ ሁለቱ በሴኮንድ 39 ሜትር ይቀራረባሉ። 700 ሜትር ላይ የተተኮሰ ቶርፔዶ እስኪገናኙ 424 ሜትር ይሮጣል፤ ለትንሽ ተርፏል። 600 ላይ የተተኮሰ ግን ሳይነቃ ይደርሳል፣ ብረት ወርውሮ እንደመምታት ነው። ምዕራፉን ስታነቡ አዛዡ ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቀው ሰዓት ከነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ነው።


ዳግም አንባቢ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የ90 ዲግሪው ነገር መጽሐፉን በአዲስ ዓይን እንዳየው አደረገኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ወደ ውሃ ሲጠልቁ «ሰሌዳው አረንጓዴ ነው፣ ግፊቱ ይዟል» የሚባባሉት ምንድን ነው? ሰሌዳው ሁሉም ተዘግቷል ካለ ለምን አየር ይለቃሉ? ሁለተኛ፣ መጨረሻ ላይ ሪቻርድሰን የነፍስ አድን ጀልባዎቹን በመርከቡ የሚገጭበት ክፍል፤ ደራሲው ይህን ለምን አስገባው?


ባላስት፦

ሰሌዳው ላይ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ፣ ለመውጫ መግቢያ ክዳኑም ለቫልቩም፣ ቀይና አረንጓዴ መብራት አለ፤ መርከበኞቹ የገና ዛፍ ይሉታል። ሁሉም ከተዘጋ ሁሉም አረንጓዴ ይሆናል። ነገር ግን መብራቱ የሚናገረው የቫልቩ እጀታ የት እንዳለ ነው እንጂ ቫልቩ መግጠሙን አይደለም። ሜይ 23 ቀን 1939 «ስኳለስ» የተባለች የአሜሪካ ሰርጓጅ ለሙከራ ስትጠልቅ ሰሌዳው አረንጓዴ ነበር፤ ለዲዝል ሞተሮቹ አየር የሚያስገባው ትልቁ ቫልቭ ግን ክፍት ነበርና የኋላ ክፍሎቿ በውሃ ተሞሉ። 26 ሰዎች ሞቱ፣ 33ቱ ተርፈው ወጡ። ስለዚህ ሁለተኛ ምስክር ያስፈልጋል። ሁሉም ተዘጋ ሲባል ትንሽ የታመቀ አየር ወደ ውስጥ ይለቀቃል፣ የግፊት መለኪያው ይታያል። መርፌው ከፍ ብሎ ከቆመ መርከቧ ድፍን ናት። ከወረደ አየሩ የሚያፈተልክበት ቀዳዳ አለ፤ አየር የወጣበት ደግሞ ውሃ ይገባበታል። ጆሮ ጓ ሲል የሚሰማቸው እሱ ነው፣ ደራሲው አንድ ቦታ ላይ በአንድ ቃል ብቻ ያልፈዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሚዛን ነው። ለመጥለቅ ሲጀመር ኔጌቲቭ ታንክ የሚባለው ቀድሞ በውሃ ተሞልቶ መርከቧን ያከብዳታል፤ የሚፈለገው ጥልቀት ሊደረስ ሲል ውሃው በአየር ተገፍቶ ይወጣል። ሰዓቱ ካለፈ መርከቧ ከታሰበው ትጠልቃለች፤ ከቀደመ አንገቷ ውሃ ላይ ይቀራል። ቶርፔዶ ሲተኮስም ያው ነው፦ አንድ ቶን ተኩል ከአፍንጫው ወጣ ማለት ነው፤ ቱቦው በፍጥነት በውሃ ካልተተካ አፍንጫዋ ብድግ ይልና በጠላት ፊት ትታያለች። ቱቦው የገፋበትን አየር መልሶ ወደ ውስጥ የሚጠባ ቫልቭ ያለው ለዚህ ነው፤ አረፋ ወደ ላይ ወጥቶ ቦታዋን እንዳይናገር።

ርዕሱ የመጣበት ትእዛዝ ሲሰጥ አየር ማቀዝቀዣው ይቆማል፣ የምግብ ማቀዝቀዣው ይቆማል፣ መሪውና የጥልቀት ክንፎቹ በሞተር ሳይሆን በእጅ ይዞራሉ። እጀታው ላይ ያለው ሰው ላብ በላብ ይሆናል፣ በየጥቂት ደቂቃው ይቀየራል። ባትሪው 252 ሴል ነው፤ በ2 ኖት ወደ 48 ሰዓት ይቆያል፣ በሙሉ ፍጥነት በ9 ኖት ግን አንድ ሰዓት አይሞላም። አዛዡ አጥፊው ራሱ ላይ እያንዣበበ ለምን አይሸሽም ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ እሱ ነው። መሸሽ ድምፅ ነው፣ መሸሽ ባትሪ ነው።


ጥልቅ ውሃ፦

የጀልባዎቹን ነገር በጥንቃቄ እንየው። ታሪኩ ውስጥ ያለው ምክንያት ግልጽ ነው፦ ባንጎ ፒትና የሠለጠኑ ሰዎቹ ለዳርቻው ቅርብ ናቸው፣ ነገ ይነሣሉ፣ ከነገ ወዲያ በሌላ መርከብ ተመልሰው ይመጣሉ። ዋልረስን ያሰጠማት መርከቡ አልነበረም፣ ሰውየው ነበር። ሪቻርድሰን ይህን አስልቶ ይገጫቸዋል። ተራኪው ራሱ ስለሆነ የሚምርበት ሌላ አንደበት የለውም።

የተነሣበትን ነገር የሚያውቁ አንባቢዎች በ1955 ብዙ ነበሩ። ጃንዋሪ 26 ቀን 1943 «ዋሁ» የተባለች የአሜሪካ ሰርጓጅ በዳድሊ ሞርተን አዛዥነት የጃፓን ማጓጓዣ የነበረችውን «ቡዮ ማሩ»ን ካሰጠመች በኋላ ጀልባዎቹ ላይ ተኮሰች። በጀልባዎቹና በውሃው ላይ ከነበሩት መካከል ጃፓኖች የማረኳቸው ሕንዳውያን ወታደሮችም ነበሩ። ሞርተን በዚያው ዓመት ከነመርከቧ ጠፋ። እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ጉዳይ ነው።


ስድስተኛ ቱቦ፦

እዚህ ላይ በትንሹ እለያለሁ። ዋሁን አስታውሶ ጽፎ ይሆናል፣ ግን ገጹ የሚያነጻ ገጽ አይደለም። መጽሐፉ ሲከፈት ሪቻርድሰን ለመቅጃ መሣሪያ ታሪኩን እየተናገረ ነው፤ የጀግና ሜዳይ የተሸለመ ሰው ነው፣ ከእሱ የሚጠበቀው ሕዝብ የጦርነት ቦንድ እንዲገዛ የሚያነሣሣ ወሬ ነው። እሱ ግን ጂምን ያመነበትን፣ የተጠራጠረበትን፣ ጀልባዎቹን የገጨበትን ሁሉ ይናገራል። ሜዳዩና ጀልባዎቹ በአንድ አፍ ሲወጡ አንባቢው ሁለቱን አንድ ላይ እንዲሸከም ነው። መግቢያውን ዘልሎ ያነበበ ሰው ይህን ያጣዋል።

በ1958 የወጣው ፊልም፣ ክላርክ ጌብልና በርት ላንካስተር የሠሩበት፣ ይህን ክፍል አያሳይም፤ ሪቻርድሰንንም ይገድለዋል። ከፊልሙ ተነሥቶ መጽሐፉን የሚፈርድ ሰው ሌላ ታሪክ እየፈረደ ነው።


ማዕዘን፦

ጥልቅ ውሃና ስድስተኛ ቱቦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብዬ አልፋለሁ። ለዳግም አንባቢ ግን አንድ ምክር፦ ቀጥሎ የሚነበበው በ1952 የወጣው የቢች «ሰብማሪን!» ይሁን። ልብ ወለድ አይደለም፤ የትሪገርን ታሪክ ከሌሎች ሰርጓጆች ታሪክ ጋር እያፈራረቀ ይነግራል። የልብ ወለዱን ክስተቶች ጥሬ ዕቃ እዚያ ታገኛላችሁ፤ «ታንግ»ንም ጭምር፤ በኦክቶበር 1944 የመጨረሻዋን ቶርፔዶ ተኩሳ፣ ቶርፔዶው ዞሮ ተመልሶ ራሷን ያሰጠማትን። (ያ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ማርክ 18 እንጂ ማርክ 14 አልነበረም።) ከዚያ የሪቻርድሰን ቀጣይ ታሪክ የሆነው «ደስት ኦን ዘ ሲ»፣ የ1972ቱ፣ ይከተላል። የሜምፊስን መጽሐፍ ለመጨረሻ አቆዩት፤ ከእሱ በኋላ የጂምን ፈተና ምዕራፍ አንድ ጊዜ ተመልሳችሁ ክፈቱት።